ያልተጋባብኝ ማዛጋት

ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው አካል ነገር አይገባኝም፤ ስላልገባኝም ዝም ብዬ አላልፈውም። ሌሎች ልጆች ጅቡቲ ውስጥ ራስ ዲካ ባሕር ዳር ሲዋኙ ውለው ወደየቤታቸው ሲሮጡ እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የተጨማደዱ ጣቶቼን እመረምር ነበር። ፊቴም እኮ እኩል ረጥቧል፤ ታዲያ ለምን ጣቴ ብቻ ያረጃል? እናቴን ስጠይቃት «ባሕሩ ጨው ስላለው ነው» አለችኝ። በማግስቱ እጄን የቧንቧ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሬ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ። ተጨማደደ። ማስረጃዬን ይዤ ስሄድባት ምንም ሳትደነግጥ «የጅቡቲ ቧንቧስ ጨው የለውም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አለው። የቤታችን ሳይንስ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው እንዲህ ነበር።

ስልክ ኪሴ ከገባ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰብኝ። ጆሮ ለምን ይጮሃል? የደነዘዘ እግር ለምን ይነዝራል? ሰው ራሱን ሲኮረኩር ለምን አይስቅም? ያነበብኩትን ለሰው ካላወራሁ ምግብ አይወርድልኝም። ሥራዬ አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ መመዘን ነው፤ ባልደረቦቼ ገና አፌን ስከፍት ሻይ ሊጠጡ ይነሳሉ። ያልሸሸችኝ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ ያየኋት ቀን የራስ ምታት ክኒን ልገዛ ገብቼ፣ ክኒኑ የሚሄደው ወደ ሆዴ ከሆነ የሚያመኝ ራሴ መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ጠየቅኳት። ሳቀችና «አያውቅም፤ ዝም ብሎ ሰውነትህን ሁሉ ይዞራል፣ እንዳንተው ሥራ ፈት ነው» አለችኝ። ክኒኑን ሳልውጠው ራስ ምታቴ ለቀቀኝ።

ሁለት ዓመት ከተዋወቅን በኋላ ሽማግሌ ልልክ እንደሆነ ነገርኳት።

«መጀመሪያ አክስቴ ትይህ» አለችኝ።

እናትና አባቷ በሕይወት የሉም። ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ ካርቲየ 2 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከድሬዳዋ የሚመጣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡ ሴት። እንደ እኔ ቤተሰብ የእሳቸውም አባት በባቡሩ ዘመን ከኢትዮጵያ ለሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። አክስቷ አላገቡም፣ አልወለዱምም። ልጅቷ ቁርጡን ነገረችኝ፦ እሳቸው እሺ ካሉ ሠርግ አለ፤ እምቢ ካሉ ግን ከቃላቸው አትወጣም። «እወድሃለሁ፤ እሷን አስከፍቼ ግን አላገባህም» አለችኝ። አልተቀየምኩም። እንደውም ይበልጥ ወደድኳት፤ ፍርሃቴ ግን በዚያው ልክ ጨመረ።

አክስቷ ቤት የተጠራሁት ነሐሴ ላይ፣ ዓርብ ቀን፣ ለምሳ ነው። ጅቡቲን የሚያውቅ ሰው ነሐሴ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ሁሉ ነፋስ በሚያራግብ ቬንቲላተር ሥር ይዘረራል። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ከንጋት ጀምሬ ሻንጣ ስመዝን የዋልኩ ሰው ነኝ። ከቀጠሮው ሦስት ቀን ቀደም ብላ እናቴ ሸሚዜን እየተኮሰች መከረችኝ። «እግርህን አታነባብር። ጠግቤያለሁ ለማለት አትቸኩል። ከሁሉም በላይ ታላቅ ሰው ፊት አፍህን ከፍተህ እንዳታዛጋ! አሳዳጊ የበደለው ነው ብለው እኔን ይረግሙኛል።»

ይህ የመጨረሻው ምክር ለእኔ ዓይነት ሰው እንደ ፈተና ጥያቄ ነው። ማዛጋት ከሰው ወደ ሰው እንደሚጋባ አውቃለሁ። ሌላው ሲያዛጋ ማየት ቀርቶ ስለ ማዛጋት ማንበብ ብቻውን እንደሚያዛጋም አውቃለሁ፤ አንባቢዬ አሁን እያዛጋ ከሆነ አልቀየመውም። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማመድኩ። ምላስን ላንቃ ላይ መለጠፍ፣ ጥርስን ግጥም ማድረግ፣ በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ።

ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር። የሽሮው ጣዕም ልክ የለውም፤ ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ፣ ሦስቴም በላሁ። ከዚያ እጃችንን ታጥበን ምንጣፉ ላይ ተደገፍን። ቬንቲላተሩ ሙቁን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። አክስቷ ስለ እናቴ ጤና እየጠየቁኝ ሳለ የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፋቸው አደረጉና ረጅም፣ የተደላደለ ማዛጋት አዛጉ። ወዲያው ልጅቷ አዛጋች። ሳህን ልትመልስ የመጣች ሶማሊ ጎረቤታቸው በር ላይ እንደቆመች «ዋላሂ፣ ይሄ ሙቀት!» ብላ ሳትጨርሰው እሷም አዛጋች።

እኔ ምላሴን ለጠፍኩ።

ያፈኑት ማዛጋት የትም አይሄድም። መንጋጋዬ ተንቀጠቀጠ፣ ጆሮዬ ጧ አለ፣ አፍንጫዬ ተነፋ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። አክስቷ ትኩር ብለው አዩኝ።

«ምነው? ታለቅሳለህ እንዴ?»

«በርበሬው ነው፣ እማማ።»

«የኔ በርበሬ ሰው አያስለቅስም» አሉ፤ ፊታቸው ትንሽ ጠቆረ። ከዚያም ዓይናቸውን ከዓይኔ ሳይነቅሉ እንደገና አዛጉ።

አሁን ገባኝ አልኩ። አስተዳደጌን እየፈተኑ ነው! እልህ ያዘኝ። እሳቸው ባዛጉ ቁጥር እኔ ቀጥ ብዬ እቀመጣለሁ። ቆጠርኩ፤ ሰባት ጊዜ አዛጉብኝ። ልጅቷ አብራቸው ስታዛጋ በዓይኗ የሆነ ምልክት ትሰጠኛለች፤ እኔ «በርታ» ማለቷ መስሎኝ ይበልጥ በረታሁ። ጎረቤቲቱ መሄድ ትታ በሩን ተደግፋ ትመለከተኛለች። ስሰናበት አክስቷ «ደህና ዋል» ብቻ አሉኝ። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ቤቴ ደርሼ ለእናቴ ጀብዱዬን ሳወራላት ግንባሬን ሳመችኝ።

ማምሻውን ልጅቷ ደወለች። ድምጿ በለቅሶ ታፍኗል።

«ምን ዓይነት ሰው ነህ? አንዴ እንኳ? አንዴ እንኳ ማዛጋት ያቅትሃል?»

የነገሩን ሥር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አክስቷ የሚያምኑት አንድ ሕግ አላቸው፦ ማዛጋት የሚጋባው በሚዋደዱ ሰዎች መካከል ነው። ዘመድ የዘመዱን፣ ወዳጅ የወዳጁን ማዛጋት ይቀበላል፤ ለባዕድና ለልበ ደረቅ ግን አይሻገርም። ጎረቤቲቱ ሠላሳ ዓመት አብራቸው የኖረች ስለሆነች ይጋባባታል። እኔ ግን ጎናቸው ተቀምጬ ሰባት ጊዜ ሲያዛጉ እንደ ግንብ ዝም አልኩ። «ልቡ ውስጥ አንድም ቦታ የለንም፤ ልጄን ለእንዲህ ያለ ሰው አልሰጥም» ብለዋል።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ማዛጋት ከማያውቁት ሰውም ይጋባል! ውሻ እንኳ ከሰው ይጋባበታል ይባላል!»

«ጥሩ» አለችኝ፤ «ሂድና ለአክስቴ ከውሻ አንሳለሁ በላት» ብላ ዘጋችው።

በሳምንቱ ዓርብ፣ ከሥራ በቀጥታ፣ ሳልጠራ ሄድኩ። ልጅቷ ተረኛ ስለነበረች አክስቷ ብቻቸውን ናቸው። እቅዴ ቀላል ነበር፦ ገብቼ እቀመጣለሁ፣ ያዛጋሉ፣ አዛጋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይተው አዛጉ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ምንም የለም! ባለፈው ሳምንት ሊገድለኝ የነበረው ነገር ዛሬ ስፈልገው የለም። መንጋጋዬን ባለ በሌለ ኃይሌ አላቅቄ «ሃአአ» የሚል ድምፅ ጨመርኩበት።

አክስቷ የጥርስ ሐኪም ይመስል አፌን በጥሞና አዩት።

«አሁን ምን ማድረግህ ነው?»

«አዛጋሁ፣ እማማ።»

«ሰው ሲያዛጋ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ያንተ ደረቅ ነው። ባለፈው ሳታዛጋ ታለቅሳለህ፣ ዛሬ ሳታለቅስ ታዛጋለህ። አንተ ልጅ፣ ምንህም በቦታው የለም።»

ተሸነፍኩ። እውነቱን ሁሉ ዘረገፍኩት፦ የእናቴን ምክር፣ መስታወቱን፣ ምላሴን። አላመኑኝም። «የመጣ ማዛጋት አይታፈንም» አሉ። እኔም አመሌ ነውና ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስልኬን አውጥቼ ያነበብኩትን እየጠቀስኩ፣ ማዛጋት ከፍቅር ጋር ብዙም እንደማይገናኝ ገና ሳብራራ እጃቸውን አነሱ።

«ስማ» አሉኝ። «ይህቺን ልጅ ከድሬዳዋ ሳመጣት ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷን፣ እህቴን ቀብሬ ነው ይዣት የመጣሁት። አታለቅስም፣ አትናገርም፣ ስጠራት ዞር አትልም። የሰጠኋትን ትበላለች፣ ያስቀመጥኳት ቦታ ትቀመጣለች። ወር አለፈ። ጎረቤቱ ደንቆሮ ናት አለኝ። እኔም ልጅ ማሳደግ የት አውቃለሁ? ወደ አባቷ ዘመዶች ልመልሳት ዕቃዋን ሸክፌ ጨርሼ ነበር። የዚያን ቀን፣ ልክ በዚህ ሰዓት፣ እዚችው ምንጣፍ ላይ ጎኗ ጋደም ብዬ አዛጋሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በዚያች ትንሽ አፏ አዛጋች። ተነስቼ ዕቃዋን ፈታሁት። እናት የሆንኩት ያን ቀን ነው፤ አንተ ስልክህ ላይ ምንም ይጻፍልህ።»

በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን የሰው ማዛጋት እምብዛም እንደማይጋባበት አንብቤያለሁ። ልጅቷ ያን ቀን ያዛጋችው እንቅልፏ መጥቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ እውቀት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ምላሴን ላንቃዬ ላይ ለጠፍኩት። እስከዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ዝም በማለቴ የምኮራበት እውቀት ያ ብቻ ነው።

መብራት ሄደና ቬንቲላተሩ ቆመ። አክስቷ ከዚህ በላይ የሚነገር ነገር እንደሌለ ሁሉ ተነሱና፣ ጓዳ መሬት ላይ የተቀመጠውን የሽሮ ጆንያ እርጥበት እንዳይነካው ወደ ጣውላው እንዳወጣላቸው ጠየቁኝ። አወጣሁት። ሌላም ነበር፤ እሱንም አወጣሁት። ሦስተኛው ላይ ወገቤ እምቢ አለኝና ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ጠዋት የመዘንኳቸው ሻንጣዎች ሁሉ ትከሻዬ ላይ ያሉ መሰለኝ። ያቺ የሦስት ዓመት ልጅ ዕቃዋ መሸከፉን ሳታውቅ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ታየችኝ። ስለ ማዛጋት ማሰቤን ፈጽሞ ትቼ ነበር።

አዛጋሁ። እጄን አፌ ላይ ማድረግ እንኳ ትዝ አላለኝም። ምላሴ ወጣ፣ ጉሮሮዬ ወለል ብሎ ታየ፣ ከሰው የማይወጣ ድምፅ ከውስጤ ወጣ፣ እንባዬ በጉንጬ ወረደ። እናቴ ብታየኝ ትክደኝ ነበር። ደንግጬ ቀና ስል አክስቷ ነጠላቸውን ለማንሳት ጊዜ አጥተው፣ አፋቸው እንደ ተከፈተ፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ፣ እያዛጉ ነበር።

ሲጨርሱ ዓይናቸውን በነጠላው ጠራረጉ።

«ካንተ ነው የተጋባብኝ» አሉ፤ ንብረታቸውን የወሰድኩባቸው ያህል ከፍቷቸው።

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ሽማግሌዎችህ በጠዋት ይምጡ። ከሰዓት ከመጡ ሁሉም ያዛጋሉ፤ ለስንቱ ልድራት ነው?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በጓዳው በር በኩል ወደ ምንጣፉ አዩ።

«አንድ ነገር ግን ንገረኝ» አሉ ቀስ ብለው፤ «ሁሉን አውቃለሁ ትል የለ? አንተ ይዘሃት ስትሄድ፣ እኔ በዚህ ሰዓት ከማን ጋር ነው የማዛጋው?»

የዚህ መልስ ስልኬ ላይም የለም። በማግስቱ ሽማግሌ ከመለመኔ በፊት ካርቲየ 2 ውስጥ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ከእሳቸው በር ሦስተኛው ላይ ሁለት ክፍል አገኘሁ፤ ከሠርጋችን ወዲህ ከቀትር በኋላ አራታችንም፣ ጎረቤቲቱን ጨምሮ፣ እዚያው ምንጣፋቸው ላይ ነን።