በእግር የሄዱትንም ይጽፉ ነበር

እትዬ ዘሃራን ለምታውቁ ሁሉ፣ በጅማም በአጋሮም በአሰንዳቦም ላላችሁ፦ ያልሰማችሁ ካላችሁ እርማችሁን አውጡ፤ እትዬ ዘሃራ አርፈዋል። ሰኞ ማለዳ የሱብሂ ሶላታቸውን ሰግደው፣ ለመንገድ ጫማቸውን ሊያደርጉ አልጋቸው ጫፍ ላይ እንደተቀመጡ አረፉ። አልታመሙም። እሑድ እዚህ ጅማ፣ ሰፈራችን ጊንጆ ጉዱሩ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ቆመን አውርተናል፤ የመስፊያውን ሲባጎ እንዳልረሳ አስጠንቅቀውኛል። በአጻጻፌ የተሳሳትኩት ካለ ይቅር በሉኝ።

በዚያ ማለዳ እኔ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቃቸው ነበር። ወደ አጋሮ ለሥራ አብረን ልንሄድ ነበር። አርፍደው አያውቁም። ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ሚኒባሱ ሞላ፤ ረዳቱም «እናቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ ሰው ላስገባበት?» አለኝ። ገባሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝና መንገዱን ሁሉ በልቤ እየተቆጣኋቸው ሄድኩ። መጋዘኑ ደርሼ ሁለተኛውን ጆንያ እየሰፋሁ ሳለ ልጃቸው ሰሚራ ደወለች። «እማዬ አረፈች» ስትለኝ «የለም፣ በሚቀጥለው መኪና ይመጣሉ» አልኳት።

የመመለሻው መኪና እስኪሞላ ቆየ። ጊንጆ ጉዱሩ ስደርስ ተቀብረው፣ ሰው ከመቃብር ተመልሷል። በእነርሱ ሥርዓት ሬሳ እንደማይቆይ አውቃለሁ፤ ስንት ዓመት በጉርብትና ኖረናል። ግን ጠዋት ስጠብቃቸው የነበሩት ሰው ከሰዓት በኋላ አፈር ውስጥ ናቸው ሲሉኝ አእምሮዬ አልቀበልም አለ።

ሥራችንን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የተቀደደ የቡና ጆንያ እንሰፋለን። የማንም ቋሚ ሠራተኛ አይደለንም፤ በኮንትራት ዛሬ አጋሮ፣ ነገ አሰንዳቦ፣ ሌላ ቀን እዚሁ ጅማ እንውላለን። መጋዘኖቹ በሰፋነው ልክ ይከፍሉናል፤ የመንገድ ወጪያችንን ደግሞ ለብቻው በወረቀት ጠይቀን እንቀበላለን። ሚኒባስ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ሞተርማ ጭራሽ። ስለዚህ ወረቀቱ የሚታመነው ጠያቂው ሲታመን ነው።

እትዬ ዘሃራ በወረቀታቸው ላይ በእግር የሄዱትንም ይጽፉ ነበር። «ከመናኸሪያ እስከ መጋዘን፣ በእግር፣ ክፍያ የለም።» አጋሮ ያለ የአንዱ መጋዘን ሒሳብ ሹም ይህን አይቶ ሳቀና፣ ክፍያ ለሌለው ነገር ለምን ቀለም እንደሚያባክኑ ጠየቃቸው። «በእግር የሄድኩትን ካልጻፍኩ፣ በመኪና ሄድኩ ስል በምን ታምነኛለህ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የእርሳቸውን ወረቀት ሳያነብ ይፈርም ነበር።

እኔን ወደዚህ ሥራ ያስገቡኝ እርሳቸው ናቸው። ልጆቼን ብቻዬን የማሳድግ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ነኝ፤ ቅጽ ሳይ እፈራለሁ። አጠገቤ ተቀምጠው «ኢንታሎ» እያሉ፣ በኦሮምኛ ልጅት ማለታቸው ነው፣ ቀኑን፣ ከየት፣ ወዴት፣ በምን የሚለውን አስጻፉኝ። «ይህን ወፍራም ጆንያ የምትበሳ ሴት ወረቀት ትፈራለች?» ብለው ይስቁብኝ ነበር። በረመዳን እርሳቸው ውሃ ሳይቀምሱ ለእኔ ምሳ ቋጥረው ይመጣሉ። እምቢ ስላቸው «አንቺ ስትራቢ ስፌትሽ ይላላል» ይሉኛል።

ቀጥሎ ያለውን ልጻፈው አልጻፈው ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ልጄም «እማ፣ ይቅርብሽ» ብላኛለች። ግን እርሱን ከደበቅሁ ስለ እርሳቸው ምን ተናገርኩ?

አንድ ቀን እርሳቸው አሰንዳቦ ሲውሉ እኔን ብቻዬን አጋሮ ላኩኝ። ጠዋት በአንዱ መጋዘን፣ ከሰዓት በሌላው ሠራሁ። ሁለቱም ከጅማ ደርሶ መልስ ሊከፍሉ ተስማምተው ነበርና ለሁለቱም ሙሉውን ጻፍኩ፤ ሁለቱም ከፈሉኝ። ስርቆት አልመሰለኝም፤ ውላችን ነው ብዬ ነው። በማግስቱ እትዬ ዘሃራ የመንገዱን ወጪ ለሁለቱ መጋዘኖች እንዴት እንዳካፈልኩት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ብርቄ፣ መኪናው የሄደው አንድ ጊዜ ነው» አሉኝ።

አላወቁብንምና ይለፈን ብዬ ለመንኳቸው። ከነገርናቸው ሥራውን እንደሚከለክሉን፣ የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያ መሆኑን ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ «የእኔም ቤት የሚበላው ከዚያ ነው» አሉ። ለሁለቱም መጋዘኖች ልንነግር አብረን አጋሮ ሄድን። ሳያነብ በሚፈርመው የሒሳብ ሹም በር ላይ ቆም ስል እርሳቸው ቀድመውኝ ገቡ። «መጻፍ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ማካፈሉን ሳልነግራት የላክኳትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱን ከእኔ ያዘው» ብለው በትርፍ የተቀበልኩትን ገንዘብ ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ እስከ ዛሬ ሳላነብ የፈረምኩትስ ምንድን ነበር?» አላቸው። ያን የቡና ወቅት ሙሉ ሁለቱም መጋዘኖች አልጠሩንም።

እኔም አኮረፍኳቸው። በአንድ መንገድ እየተላለፍን ሰላምታ ነፈግኳቸው። እርሳቸው ግን ጉልበቴን አሞኛል ብለው የአሰንዳቦውን ሥራ ለእኔ ተዉልኝ። ጉልበታቸውን አሟቸው እንዳልነበር ሰሚራ የነገረችኝ አሁን ለቅሶ ላይ ነው። ሲዋሹ የማውቀው ይህን አንድ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ወቅት ሒሳብ ሹሙ ራሱ ደወለላቸው። ለምን እንደመለሰን አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ከለቅሶው በኋላ ወደ አጋሮ ስመለስ ሒሳብ ሹሙ የዚያን ሰኞ የመንገድ ወረቀት እንድንሞላ አስቀመጠኝ። በሰው ብዛት ቦታ ላይ «ሁለት» ብሎ ጻፈ። መሞታቸውን ያልሰማ መስሎኝ ደነገጥኩ። «ሰምቻለሁ እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «የእርሳቸው ድርሻ ለልጃቸው ይድረስ ብዬ ነው።» ሰሚራ የቤት ኪራይ እንደቸገራት አውቃለሁ። እርሱ ብዕሩን ይዞ ይጠብቀኛል።

«ሰኞ ብቻዬን ነው የመጣሁት» አልኩት። «እትዬ ዘሃራ አልመጡም።»

ለቅሶ ተቀምጬ እንኳ፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ እኔ በሩን እያየሁ ነበር። በራሴ አፍ አልመጡም ስል ነው መሞታቸው የገባኝ። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ቀና ስል «ሁለት» ያለውን ሰርዞ «አንድ» ብሎ ጽፏል። ከራሱ ኪስ ያወጣውን ለሰሚራ እንዳደርስለት ሰጠኝ፤ አደረስኩ።

እትዬ ዘሃራ፣ ያን ወቅት ሰላምታ የነፈግኩዎትን ይቅር ይበሉኝ። በሕይወት ሳሉ አልጠየቅኩዎትም፤ ጊዜ ያለን መስሎኝ ነበር። ሰሚራን አደራ ሊሉኝ አልታደሉም፤ እኔ ግን እንዳሉኝ ቆጥሬዋለሁ፣ አይስጉ። አላህ ጀነቱን ያውርስዎ። ደህና ይሁኑ፣ እናቴ።