እትዬ ፈትሂያ ከእኔ የገዛችው አሮጌ ኮምፒዩተር

ኮምፒዩተሬን ለመሸጥ ማስታወቂያ የለጠፍኩት በ1999 ክረምት መጨረሻ፣ ጎንደር ለሚሌኒየሙ ቀለም ስትቀባ ነው። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ ነኝ። ያን ሰሞን ላፕቶፕ ስለገዛሁ፣ ያ ትልቅ ስክሪን ያለው አሮጌ ኮምፒዩተር ቤት ከማጣበብ በቀር ፋይዳ አልነበረውም። ሳምንት ሙሉ ጠያቂ ጠፋ። በስምንተኛው ቀን እትዬ ፈትሂያ በሬን አንኳኳች።

ፍርድ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ ያውቃታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተቀምጣ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። ባሏ ዐብደላ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሱቅ ተቀመጪልኝ ብሎ ቢለምናት “እኔ ጨርቅ ስለካ አልውልም፤ የሰው ወሬ ይሻለኛል” አለችው። ባለጉዳይ ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ “በል፣ አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ” ትላለች።

“ሰብልዬ፣ ኮምፒዩተር ትሸጫለሽ አሉ” አለችኝ።

እውነቱን ነገርኳት። ስምንት ዓመት የሠራ ነው፤ እስኪከፈት ሰው ሻይ ጠጥቶ ይጨርሳል፤ ፍላሽ አይቀበልም፤ ፕሪንተሩም እንደ ወፍጮ ይጮኻል። “ለአንቺ አይሆንም፣ እትዬ። ትንሽ ጨምረሽ አዲስ ግዢ” አልኳት።

“አማርኛ ይጽፋል?”

“ይጽፋል።”

“የተጻፈውን አይረሳም?”

“አይረሳም።”

“ታዲያ ሌላ ምን ላድርገው? ላገባው ነው እንዴ!”

አፍሬ ዋጋውን በግማሽ ቀነስኩላት። “ሻጭ የራሱን ዕቃ ሲያጣጥል ገና ዛሬ አየሁ” ብላ እስክትደክም ሳቀች። ስክሪኑን በሻሿ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ በባጃጅ ወሰደችው።

ማስተማሩን ለራሴ ዕዳ አድርጌ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድላት ጀመር። ይህች በጽሕፈት መኪናዋ ሳታይ የምትጽፍ ሴት፣ ኪቦርዱ ላይ “ለ”ን ፍለጋ ጣቷን አንከራተተች። በየቁልፉ ላይ ፕላስተር ቆርጣ ፊደል ጻፈችበት። አንድ ቀን ማመልከቻ ጨርሳ ሳታስቀምጠው መብራት ሄደ። ጥቁሩን ስክሪን በጣቷ ነካ አድርጋ “የሰውዬው ቃል የት ሄደ?” አለችኝ። ጠፋ አልኳት። ባለጉዳዩ ደጅ ቆሞ ነበር። ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችው፤ ሁሉንም እንደ አዲስ አስነገረችውና በጽሕፈት መኪናው ጻፈችለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ኮምፒዩተሩን ጨርቅ አልብሳ ተወችው።

ተመልሳ የገባችበት በእልህ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ ማስቀመጥ ለመደች። ግን ነገሩ እንደ ፈራሁት ሆነ። ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፤ “እዚህ አይገባም” ስትላቸው አጠገቧ ወደ ተከፈተው አዲስ የኮምፒዩተር ቤት ይሻገራሉ። በሁለተኛው ክረምት መብረቅ ወርዶ ኮምፒዩተሩ ጢስ ጢስ ሸተተ። ኪሩ የሚባል ጠጋኝ ከሌላ ከሞተ ኮምፒዩተር ዕቃ ፈቶ አስነሳላት። ዐብደላ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ “ሰብለ ወንጌል፣ ያንን ሬሳ ሳጥን ለሚስቴ የሸጥሽላት አንቺ ነሽ?” ይለኛል። እየሳቀ ነው፤ እኔን ግን ይቆረቁረኛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሻይ ልጠጣ ጎራ ብዬ ሳለ አያ ቢያዝን የሚባሉ ሽማግሌ በላይ አርማጭሆ ካለችው ከትክል ድንጋይ መጡ። የወሰን ክርክር አለባቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ከወንድማቸው ጋር መጥተው እዚሁ ያስጻፉትን የክስ ወረቀት የያዘው ቦርሳ አውቶቡስ ላይ ተሰርቆባቸዋል፤ መዝገብ ቤትም ዶሴው አልተገኘም ተብለዋል። በዚያ ላይ ድንበሩን ያውቅ የነበረው ወንድማቸው ሞቷል።

“ያኔ እሱ ነበር የነገረሽ። እኔማ ከዛፉ እስከ ወንዙ ስንት እርምጃ እንደሆነ እንኳ ጠፍቶኛል” አሉ።

“ተቀመጥ፣ አያ ቢያዝን” አለች እትዬ ፈትሂያ።

ኮምፒዩተሩን ከፈተችው። ሻዬ አለቀ። ከዚያ ስሞች ተደርድረው መጡ፤ የሰው ስም፣ የቀበሌ ስም፣ “የወሰን”፣ “የቀለብ”፣ “የውርስ”። አንዱን ነካችና ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፦ ከትልቁ የኮሶ ዛፍ ተነሥቶ መቶ አርባ እርምጃ ወደ ወንዙ፣ ከዚያ በካቡ ጥግ ወደ ምሥራቅ...

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። “ይሄ የወንድሜ አነጋገር ነው! ምነው፣ ይህን ሁሉ ዘመን ይዘሽው ኖረሻል?”

“እኔ አልያዝኩትም፤ እሱ ነው” አለች በእጇ ሳጥኑን መታ አድርጋ።

ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀቱን አወጣ። ቀኑን ብቻ ለውጣ ሰጠቻቸው፤ ዋጋ አልተቀበለችም። የኮሶው ዛፍ በመሃል ተቆርጦ ነበር፤ የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ግን በተጻፈው መሠረት ሲፈልግ ጉቶውን አገኘው፤ ከዚያ እየለካ ወረደ። ጎረቤትየው ጉቶውን ካየ በኋላ ብዙ አልተከራከረም፤ ነገሩ በሽምግልና አለቀ። አያ ቢያዝን በመስከረም አንድ ቅል ማር ይዘውላት መጡ።

ከዚያ ወዲህ ከላይ አርማጭሆ የሚመጣ ባለጉዳይ “ቃል የምታስቀምጠዋ ሴት የታለች?” እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንዳንዱ ክስ እንኳ የለውም። አንዲት እናት የልጆቿን የልደት ቀን አስጻፈች፤ አንድ አዛውንት ለማን ምን እንዳበደረ ሳይሆን ማን ክርስትና እንዳነሣው አስጻፈ። ዐብደላን ኮምፒዩተሩ አዋጣ ወይ ብትሉት ዛሬም “ኧረ የለም፣ ምን አዋጣ!” ይላል። ሲለው ግን ደረቱ ይነፋል።

ኮምፒዩተሩ በ2005 ጨርሶ ቆመ። እትዬ ፈትሂያ ሌላ ያገለገለ ገዛች፤ ኪሩም የአሮጌውን ሆድ ከፍቶ ጽሑፎቹን ሊያሸጋግርላት መጣ። እኔም ነበርኩ። ስሞቹ በስክሪኑ ላይ ሲያልፉ እሷ እንደ ጎረቤት ሰው ታወራባቸዋለች። “ይሄ ሞተ፣ አላህ ይማረው። ይሄ አዲ አርቃይ ሱቅ ከፈተ። ይቺ... ቆይ፣ ኪሩ፣ አቁመው! ይቺ እኮ ለፍቺ ያስጻፈችኝ ናት። ሳልጨርሰው ታርቀው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።”

“ታዲያ ላጥፋው፣ እትዬ?” አለ ኪሩ።

የሴትየዋን ስም እያየች ፈገግ አለች።

“ተወው፣ ገልብጠው። ባሏን አውቀዋለሁ።”