ክረምቱን ማን ይያዘን

ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ለክረምት ሲዘጋ የሐይቅ ከተማ ልጆች ሁሉ በጭቃው እየዘለሉ፣ ደብተራቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ወደየቤታቸው ይሮጡ ነበር። ስምንት ዓመት በሞላኝ ጊዜ ግን እኔ ቀስ ብዬ ነበር የሄድኩት። ክረምት ለእናቴ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

እናቴ ዘሀራ ከከተማችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበረች። ማታ ስታቅፈን እጇ የካርቦን ወረቀት ይሸታል። አባቴ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። የአራት ዓመቱ ወንድሜ ሰዒድ በጋውን የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ይውል ነበር፤ እሱም ክረምት ሲገባ ይዘጋል። ቀደም ሲል ጎረቤታችን እማማ ወለተ ነበሩ የሚይዙን። ጾማቸው ሲሆን እንኳ ለእኛ ለየት ያለ ነገር ፈልገው ያበሉን ነበር። በዚያ ዓመት ግን እግራቸውን አመማቸውና ልጃቸው ኮምቦልቻ ወሰደቻቸው።

እናቴ ሰዒድን አዝላ፣ እኔን እጄን ይዛ አለቃዋ ዘንድ ገባች።

«ጓድ ግርማ፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ብቻ ነው» አለች። «በማለዳ ልጆቹ ሳይነቁ ልግባና ስድስት ሰዓት ላይ ልውጣ። የተረፈኝን እሑድም ቢሆን ገብቼ እጨርሳለሁ። ወላሂ ሥራ አላሳድርም።»

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «ዘሀራ፣ እኔም የልጆች አባት ነኝ። ግን ለአንቺ ብፈቅድ ነገ ሌላው ይመጣል። ከላይ ‹በማን ፈቃድ?› ሲሉኝ ምን ልበል?»

«ታዲያ ልጆቼን የት ላድርጋቸው?»

መነጽሩን መልሶ አጠለቀና፣ «እሱን እኔም አላውቅም» አላት።

አልተቆጣትም። እናቴ ኋላ ላይ፣ «ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የሚያዝንልሽን ሰው ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ?» ትል ነበር።

ከዚያ ወዲያ እኔና ሰዒድ ብቻችንን መዋል ጀመርን። ንፍሮ በሰሃን ከድና ታስቀምጥልናለች፤ «ሐይቁ ጋ እንዳትደርሱ» ትለናለች፤ ጥቂት ሄዳ ትመለስና ደግማ ትለናለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሰዒድ በፍርሃት ጉያዬ ይሸጎጣል። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ጣለና ቤቱ ያፈስ ጀመር። ሳፋና ድስት ይዤ ጠብታውን ስከተል ሰዒድ ወጥቶ ሄዷል። እየጮህኩ ሰፈሩን ዞርኩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው እስከ ወገቡ ሐይቁ ውስጥ ደንገል ይዞ ቆሞ ያገኘው። «እማ ጋ ልሄድ ነው» ሲል ነበር አሉ።

እናቴ ስትሰማ አልጮኸችም፤ ማናችንንም አልመታችም። በነጠላዋ አደራርቃው ስታየው አመሸች። እሑድ አውቶቡስ ተሳፍረን ውጫሌ፣ አክስቴ ፋጡማ ቤት ሄድን። አክስቴ ልጅ አልነበራትም። «አብሽሪ ዘሀርዬ፣ እስከ መስከረም እኔ እይዘዋለሁ» አለች። ስንመለስ ሰዒድ አውቶቡሱን እያለቀሰ ተከተለ። እናቴ ዞራ አላየችም። እኔ አየሁት።

መስከረም ጠባ፤ የአምባሰል ተራሮች አደይ ለበሱ። ልናመጣው ስንሄድ ሰዒድ ከአክስቴ ቀሚስ ኋላ ተደበቀ፤ «እማ» ብሎ የጠራውም እሷን ነበር። እናቴ ተንበርክካ እጇን ዘረጋችለት። አልመጣም። ያኔ አክስቴ አንገቷን ደፍታ በቀስታ፣ «እሺ ውሰጂው፤ ለከርሞስ ማን ይይዘዋል?» አለቻት።

እናቴ ከተንበረከከችበት ተነሳች። ይዛለት የመጣችውን አዲስ ሹራብ ለአክስቴ ሰጥታ እኔን ብቻ ይዛ ተመለሰች።

ሰዒድ ዛሬ ትልቅ ሰው ነው። በየዒዱ ይመጣል፤ የእናቴን እጅ ይስማል፤ እንደ እንግዳ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጫወትና ይሄዳል። ፋጡማን «እማ»፣ እናቴን «ዘሀራ» ይላታል።

እኔ ደሴ ነው የምሠራው። ባለፈው ክረምት ልጄን የሚይዝልኝ ሲጠፋ አለቃዬን ጠየቅሁት፤ ምንም ሳያመነታ በጠዋት እየገባሁ ቀደም ብዬ እንድወጣ ፈቀደልኝ። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ በዘጠኝ ሰዓት ቤት ስታገኘኝ ደነገጠች። ነገሩን ነገርኳት።

«እሺ አለሽ?»

«እሺ አለኝ።»

የልጄን ፀጉር ዳበስ ዳበስ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ፣ እንደሚማር ሰው፣ «ምን ብለሽ ነው የጠየቅሽው?» አለችኝ።