ከመጽሐፉ ያስወጣሁት ታሪክ

አዘዞ ውስጥ ለአብያተ ክርስቲያናት መጋረጃና የካህናት ልብስ እሰፋለሁ። ከስፌቱ ቀጥሎ የምወደው መጻፍ ነው። በደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ በየወሩ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ተሰብስበን የጻፍነውን እናነባለን። እሷ እስክትመጣ ድረስ ከሁሉም የምበልጠው እኔ እንደሆንኩ ይወራ ነበር፤ እኔም አምኜው ነበር።

እሷ አስተማሪ ናት። ተወልዳ ያደገችው ደጋ አገር፣ መካነ ብርሃን ነው፤ ወደ እኛ ሰፈር በዝውውር መጣች። መጀመሪያ ያነበበችልን ታሪክ በቅሏቸው ገደል ስለገባችባቸው የገጠር ቄስ ነበር። ቄሱ እግዚአብሔርን አኮረፉት። ቅዳሴ ይገባሉ፣ የታዘዘውን ሁሉ ያደርሳሉ፤ የራሳቸውን ጸሎት ግን አንዲት ቃል አይናገሩም። በአራተኛው ቀን በእግር ዳገቱን ሲወጡ ደከማቸውና ወደ ሰማይ ቀና ብለው ይቆጡ ጀመር። ተቆጥተው ተቆጥተው፣ ለካ እየጸለዩ ነው።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ዝም አለ። አንዲት ሴትዮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ። እኔ ሳነብ ሰው ያጨበጭባል፤ “ትምህርት ሰጪ ነው” ይላል፤ ይወጣል። በእኔ ታሪኮች ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰካራም፣ አንዲት ጸሎተኛ እናትና መጨረሻ ላይ ረጅም ስብከት የሚሰብክ ካህን ነበሩ። የዚያን ቀን ቤቴ እስክደርስ ድረስ የእሷን ታሪክ በልቤ እየደገምኩ ስሕተት ስፈልግበት ነበር። አላገኘሁም።

በሌላ ቀን፣ “እንዲህ ያለውን ነገር ከየት ነው የምታመጪው?” አልኳት።

“ከቤታችን ነዋ። አባቴ ማኩረፍ ይወዱ ነበር” አለችኝ።

የደበቀችኝ መሰለኝ። የእሷ ምሥጢር ደጋው ነው፣ በቅሎው ነው፣ ብርዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያ ከሆነ እኔም አላጣውም ብዬ በጥር ወር አውቶቡስ ተሳፍሬ ድብ ባሕር፣ ገበሬ የሆነው የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ደብተር ይዤ ማሳ ለማሳ ዞርኩ። የጭድ ክምሩን፣ የአጥሩን ድንጋይ፣ የበሬውን ቀንበር ሁሉ ጻፍኩ። ተመልሼ አንድ ታሪክ ሠራሁ፤ ገበሬው ገብሱን አውድማ ላይ አስጥቶ ሲወቃ የሐምሌ በረዶ ይወርድበታል፣ እሱም በእምነቱ ይጸናል።

አንብቤ ስጨርስ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን በግብርና ያሳለፉ፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

“ልጄ፣ አነባበብሽ ሸጋ ነው። ግን በሐምሌ ዝናብ ገብስ የሚወቃው የት አገር ነው?”

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እሷ ብቻ አልሳቀችም። ስንወጣ ተከትላኝ መጣችና፣ “ምነው፣ ብትጠይቂኝ? ውቂያው ታኅሣሥ ነው። በረዶውን ትተሽ ወሩን ብትቀይሪው ይስተካከላል” አለችኝ። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ክፍሉ ለንግሥ በዓሉ የሚሆን የታሪክ መጽሐፍ ለማሳተም የወሰነው። ኃላፊያችን የሁሉንም ጽሑፍ ሰብስቦ እኔ እንድመረምረው ሰጠኝ። የእሷን የቄሱን ታሪክ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ እንደገና አነበብኩት። ከሰማሁት ይበልጥ ያምራል። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ከላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ካህን ከእግዚአብሔር ጋር ሲኳረፍ ማሳየት ለምእመናን ዕንቅፋት ይሆናል። ባይካተት ይሻላል።” እየጻፍኩ ለቤተ ክርስቲያን የተቆረቆርኩ ሁሉ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያ እያልኩ ራሴን ሸነገልኩት። ኃላፊው ነገር እንዳይመጣበት ፈርቶ ታሪኩን አወጣው። እሷ “እሺ” ብላ ደብተሯን ተቀበለች፤ ከዚያ በኋላ መምጣት አቆመች። መጽሐፉ ሲታተም የመጀመሪያው ታሪክ የእኔ ነበር። ስለ እሱ ግን አንድም ሰው ምንም አላለኝም።

ጎንደር ገበያ ውስጥ ለዓመታት ጨርቅ የምገዛቸው አንዲት ትልቅ ሴት አሉ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጨርቅ ንግድ ከቆየ ሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ማንበብ ስለሚወዱ መጽሐፉን ሰጥቻቸው ነበር። በሌላ ጊዜ በመጋረጃ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ዘርፍ ፍለጋ ስሄድ፣ “አነበብኩልሽ” አሉኝ።

“እንዴት ነው እትዬ?”

“ደህና ነው። ግን እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜ እዚህ ተቀምጠሽ የነገርሽኝን ምነው አልጻፍሽው?”

የነገርኳቸው የሁለት ጎረቤታሞችን ነገር ነበር። ሁለቱም ለአንድ ደብር መጋረጃ ተስለው እኔ ዘንድ ያሰፋሉ። አንደኛዋ ስትወጣ ሌላኛዋ ትገባለች፤ “የእሷ ስንት መስመር ዘርፍ አለው? ለእኔ አንድ ጨምሪልኝ” ትላለች። ነገ ደግሞ ያችኛዋ ትመጣለች።

“እሱማ ሐሜት ነው እኮ” አልኳቸው።

“ስም ካልጠራሽ ምን ሐሜት አለው? በዚያ ቀን ስቄ ሳበቃ የራሴን ነገር ነው ያሰብኩት” አሉና ዘርፉን ይለኩልኝ ጀመር።

ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቴ በፊት መጻፍ ጀመርኩ። እጄ እንደዚያ ሲፈጥን አይቼ አላውቅም። ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ከፋይ ጨርቅ በመቀስ ሲቆረጥ እንዴት እንደሚሸሽ አውቃለሁ፤ ስእለት የተሳለ ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። አንደኛዋ ሴት ቀትር ላይ ሰው በሌለበት ቤተ ክርስቲያን ገብታ የጎረቤቷን መጋረጃ ዘርፍ ስትቆርጥ ጻፍኩ። ከዚያ ንስሐ አባቷ ዘንድ ላክኋት። ረጅሙን ስብከት ልጀምር ስል አልመጣልኝም። ካህኑ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ “እኔ ዘንድ ከመምጣትሽ በፊት እሷ ዘንድ ሂጂ።”

ሴትየዋ በጎረቤቷ በር ላይ ቆማ ምን እንደምትል አላውቅም ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ እዚያው በር ላይ አቆምኳት። መቀሱን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ ከመጀመሪያው ቀን ገብቶኛል፤ ላለማየት ነበር የምጽፈው። በዘጠነኛው ቀን ሱቁን ዘግቼ አስተማሪዋ ወዳለችበት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ባዶ ክፍል ውስጥ የተማሪ ደብተር ስታርም አገኘኋት። ቆሜ ያደረግኩትን ነገርኳት። የያዘችውን ደብተር አርማ ጨረሰችና ከደነችው።

“አውቃለሁ። ኃላፊው ሲመልስልኝ ጽሕፈትሽ ላዩ ላይ ነበር” አለች።

“ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?”

“ተናድጄ ነዋ። አሁንም ንዴቱ አልወጣልኝም።”

“ቀንቼብሽ ነው። ይቅር በይኝ።”

“እሞክራለሁ” አለች። “ዛሬ ግን አልችልም።”

ከዚያው ወደ ኃላፊው ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። እሱም ራሱ በፍርሃት እንዳደረገው አመነ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አስተማሪዋ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ገብታ ተቀመጠችና፣ “ምን እየጻፍሽ ነው?” አለችኝ። ሰጠኋት። እስከ መጨረሻው አነበበች።

“ሸጋ ነው። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ታለቅሳለች። አንቺ እኔ ዘንድ ስትመጪ አላለቀስሽም። ንጹሑን ጠረጴዛ በእጅሽ ስትጠራርጊ ነበር።”

እንባውን ሰረዝኩና ሴትየዋ የበሩን መቃን እንድትጠራርግ አደረግኩ። ታሪኩ ያኔ አለቀ።

በሚቀጥለው የንባብ ቀን ሁለታችንም አነበብን። እሷ ስለ አባቷ አዲስ ታሪክ ይዛ መጣች፤ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ ቀናሁ። ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ግን የእኔ ሲነበብ፣ “አንድ ጨምሪልኝ” የሚለው ላይ ሰው ሳቀ፤ ኋላ ዝም አለ። አንዷ ደንበኛዬ ሰኞ ጠዋት ካባ ልታዝዝ መጥታ፣ “የእኔን ነገር እንዳትጽፊው” አለችኝ። ቀጥላ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ነገረችኝ።