ሦስት እፍኝ ውኃ

ቅዳሴ ከአምስት አገልጋይ በታች አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ከንፋስ መውጫ የሁለት ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በምትርቀው የገጠር አጥቢያችን አምስተኛው እኔ ነኝ። ሥራዬ መብራት መያዝና ቃጭል መምታት ነው። ድምፄ አያምርም፣ ዜማዬም ይህን ያህል የሚባል አይደለም። የምፈለገው ለቁጥር ነው። ለቁጥር መፈለግ ሰውን እንዴት እንደሚያስር ግን ያልደረሰበት አያውቀውም።

ሳምንቱን ንፋስ መውጫ ሒሳብ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ የመጨረሻ ምግቤን በልቼ ቁልቁል እወርዳለሁ። የማድረው ከደብሩ አስተዳዳሪ ከሽማግሌው ቄስ ቤት ነው፤ በልጅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከእኔ በፊት አምስተኛ የነበረው ልጅ አሁን ባሕር ዳር ባጃጅ ይነዳል። ከእሱ በፊት የነበረው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዚያው ቀረ። ከጎረቤት አጥቢያ እንዳንዋስ እነሱም የሚቀድሱት በመከራ ነው።

እጮኛዬ ባሕር ዳር ናት። እዚያ የምዛወርበት የማስተማር ቦታ ተገኝቶልኝ ነበር፤ መንገዱ ደግሞ በየሳምንቱ የሚመላለሱበት አይደለም። እሷ ስልክ በደወለች ቁጥር፣ «አንተን የሚያገባህ ደብሩ ነው ወይስ እኔ?» ትለኛለች። እስቃለሁ።

ለሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር እንደምሄድ ነግሬያቸው ነበር። «እስከ መስቀል ብቻ» አሉኝ። መስቀል አለፈ፤ «እስከ ጥምቀት» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ፋሲካ መጣ። ሁልጊዜ እሺ እላለሁ። ሠላሳ ተማሪ ፊት ቆሜ የምቆጣ ሰው ለእሳቸው አንዲት «አይሆንም» ከአፌ አትወጣም። ቅዳሴ ሲያልቅ የአጥቢያው ሴቶች ይመርቁኛል፤ «ከዚሁ አያጥፋህ» ይሉኛል። እኔም በገዛ ራሴ ላይ አሜን እላለሁ።

ሰኞ ዕለት ባሕር ዳር ቀርቤ ሪፖርት ካላደረግሁ ቦታው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ተነገረኝ። በዋዜማው እሑድ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ወትሮዬ ልታጠብ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው ምንጭ ወረድሁ። ቅዳሴ የሚገባ ሰው ውኃም ቢሆን አይቀምስም። ፊቴን ታጠብሁ፤ እጄን ገጥሜ ሞላሁት፤ ጠጣሁ። ሦስት እፍኝ ጠጣሁ። አልረሳሁም፣ ጥማትም አልነበረብኝም። አልችልም ብዬ መናገር ያቃተኝን ውኃው እንዲናገርልኝ ነበር የፈለግሁት። ያለ እኔ አንድ እሑድ ሲታጎል ሌላ ሰው ይፈልጋሉ ብዬ አሰብሁ።

ስመለስ ከደጀ ሰላሙ ሥር አንዲት ወጣት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ለመውለድ ከሲማዳ ወደ እናቷ ቤት የመጣች ናት። ሕፃኗ ሰማንያ ቀን ሞልቷት ዛሬ ክርስትና ልትነሣ ነው። ክርስትና የተነሣ ሕፃን ደግሞ በዕለቱ መቁረብ አለበት፤ ቅዳሴ ከሌለ ቁርባን የለም። እናትየዋ ፈገግ አለችልኝ።

ሽማግሌው ቄስ በር ላይ ቆመው ነበር። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ጠየቁኝ።

«እንዴት አደርህ? ጾም ነህ?»

አዎ ብዬ ብገባ በመቅደሱ ውስጥ ዋሽቼ ልቆም ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ያቺ ሴት ልጇን እንደታቀፈች ልትመለስ ነው። ሁለቱንም በር እኔው በእጄ ዘግቻለሁ።

«ውኃ ጠጥቻለሁ፣ አባ።»

«ረስተህ?»

«አውቄ።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ወጥተው፣ «ዛሬ አምስት አልሞላንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉና ከወገባቸው ጎንበስ አሉ።

ሰው የመሰለውን ገመተ። አባ አርጅተዋል፤ ሳያስቡት ቀምሰው ነው ተባለ። አንዳንዶቹ ሴቶች አለቀሱላቸው። ያቺ እናት የሕፃኗን ፊት በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኔ መጣች።

«ለመጪው እሑድስ ይኖራል?» አለችኝ።

«ይኖራል» አልኋት። ሰኞዬን የሰጠኋት በዚያች ቃል ነው።

ሰበካ ጉባኤው እዚያው ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከእንግዲህ አባን ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ የሚጠብቃቸው ሰው ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የምታድረው ከሳቸው ዘንድ ነው። እንዳይቀምሱ አንተው ጠብቅልን።»

የጠጣሁት እኔ ነኝ ብል በቃ፤ ከአገልግሎት ያግዱኛል፣ በማግስቱ ባሕር ዳር እገባለሁ። ስመኘው የኖርሁት በር ተከፍቶ ፊቴ ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ዘንጋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። አፈርሁ። አፍሬ፣ እሺ አልሁ።

በሳምንቱ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች፤ መብራቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። እጮኛዬ አሁንም ትደውላለች፤ ስለ ዝውውር ግን መጠየቅ ትታለች። እንዲህ ከምትተወው ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሽማግሌው ፊት ለፊት ከእንጨት በተጠረበች ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። የውኃው ጀሪካን ከእኔ ጎን ነው፤ ሊቀ መንበሩ ናቸው ያስቀመጡት። ሲያልፉ በበሩ ብቅ ብለው፣ «አልቀመሱም አይደል?» ይሉኛል፤ አባ እየሰሙ። «አልቀመሱም» እላለሁ።

በቀደም አላስችል አለኝ።

«አባ፣ ያን ቀን ለምን እውነቱን አልነገሯቸውም?»

መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። «ብነግራቸው ያግዱህ ነበር» አሉ። «ከታገድህ ደግሞ ትሄዳለህ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ያዘኑልኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስማቸውን ከፍለው ነው ያስቀሩኝ። በጣም ተናደድሁ። ተነሥቼ ልወጣ ፈለግሁ፤ ግን ቅዳሜ ነው፣ ነገ ደግሞ እሑድ ነው፤ አልተነሣሁም።

«እኔም ስመጣ ለአንድ ፋሲካ ብየ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «ከታች ጋይንት። አምስተኛ ጎድሏቸው።»

ወደ ጀሪካኑ እያዩ ጠየቁኝ።

«ያ ምንጭ፣ ውኃው ይቀዘቅዛል?»

«ይቀዘቅዛል፣ አባ።»

«በሌላ ቀን ጠጥቸዋለሁ። እሑድ ጧት ግን ስንቱን ዘመን አጎንብሸ አይቸው ተመለስሁ» አሉ። ከዚያ ጀሪካኑን ራቅ እንዳደርገው በእጃቸው አሳዩኝ። ከሁለታችንም አራቅሁት።