በግራሩ በኩል ያለው ካስማ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አያ ይመር መዶሻውን፣ አራት ካስማ፣ የሲባጎ ጥቅልና ቂጡ የተበሳሳ የኖራ ጣሳ አስረከበኝ። ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለውን የኳስ ሜዳ ሲያሰምር የኖረው እሱ ነበር። ሦስቱን ካስማ መትቼ በግራሩ ዛፍ በኩል ካለው ጥግ ስደርስ እጄን ያዘኝና በቀስታ ምታ አለኝ። ለምን ብለው ሲባጎውን መወጠር ጀመረ። ስመታው መሬቱ እንደ ባዶ በርሜል መለሰልኝ። 

ቅዳሜ አሰምራለሁ፤ እሑድ ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በኋላ ሻይ ቤት ተሰብስበን አሰልጣኛችንን አያ ሞላን እንቦጭቃለን። ሰውየው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀኝ ብቻ ያጠቃል፤ ከዕረፍት በኋላ ሜዳ ሲቀያየሩ በግራ ብቻ። በግራሩ በኩል ሰው አያስጠጋም። ተጋጣሚም ኳሱን ተከትሎ ወዲያኛው ጎን ይሰበሰባል። ከሮቢት ጋር ባዶ ለባዶ ወጣን፤ ዋጃዎች ሦስት አገቡብን። ግማሽ ሜዳ ነው እንዴ የተሰጠው እያልኩ ሰዉን የማስቀው እኔ ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ጀማል የግራ ክንፍ ነው፤ በዚህ አሰላለፍ የሚገባው ከዕረፍት በኋላ ብቻ ነበር። ይኼ ያንገበግበኝ ነበር።

በመጨረሻ የቡድኑ ኮሚቴ ስለ አሰላለፉ ሊጠይቀው አያ ሞላን ጠራው። መሬቱ የአባቱ እንደነበር፣ በግራሩ በኩል ማሽላ የሚያከማቹበት ጉድጓድ እንደቆፈሩ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ለልጆቻቸው እንኳ ሳይነግሩ እንደሞቱ ተናገረ። በኛ አገር የእህል ጉድጓድ ቦታ አይወራም። ኮሚቴው ሁለት ቦታ አስቆፈረ፤ ከአፈር በቀር የተገኘ የለም። ያኔ ሊቀመንበሩ ወደኔ ዞረ።

«ሰይዶ፣ በየሳምንቱ ካስማ የምትመታው አንተ ነህ። የሰማኸው ነገር አለ?»

«ምንም» አልኩ።

ሰምቻለሁ ብል ሜዳው ይዘጋል፣ እንጀራዬም ይቀራል። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ በላይ የሻይ ቤቱን ክርክር መሸነፍ ነው ያቃተኝ። አያ ሞላ ቀና ብሎ አየኝ። በሳምንቱ አሰናበቱት።

አዲሱ አሰልጣኝ ጀማልን ከመጀመሪያው ደቂቃ ሊያሰልፈው ነው ተባለ። ቅዳሜ ማታ ከባድ ዝናብ ጣለ። እሑድ ጠዋት ስመጣ ያሰመርኩት ነጭ መስመር በግራሩ በኩል ወደ ታች ሰርጎድ ብሎ አገኘሁት። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። አፈር ሞልቼ፣ ኖራ ረጭቼበት ሄድኩ።

ጨዋታው ተጀመረ። ጀማል ኳሱን ይዞ በመስመሩ ላይ በረረ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ከዚያ ኳሷ ብቻዋን እየተንከባለለች ወጣች፤ ጀማል የለም። የሰው ጩኸት ቀጥ አለ። እኔ ከካስማው አጠገብ ነበርኩ። «አጎቴ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መሬቱ ተደርምሶ ከተከፈተው ቀዳዳ ሳይሆን ከእግሬ ሥር ነበር። ሁለተኛው ቀጠነ። ሦስተኛው አልመጣም።

ልዘል ስሮጥ ከተመልካቹ መሀል አያ ሞላ ደርሶ አንገቴን ያዘ። «ታፍኖ የኖረ አየር ነው፤ ሁለት ሬሳ አታድርገው» አለኝ። በኔው ሲባጎ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ አስሮ ወደ ውስጥ እያወረደ እያወጣ አናፈሰው። ከዚያ የከባድ መኪና ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ራሱ ገባ። ስንጎትት ጀማልን አቅፎ ወጣ። ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እግሩ ታጥፏል፤ ግን ይተነፍሳል።

አያ ሞላ ሲባጎዬን ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ካስማው ስትመታው ይጮህ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም፤ ሄደ። ቢሰድበኝ በተሻለኝ።

ሜዳው ወደ ሌላ ቦታ ዞሯል። ዛሬም አራቱን ካስማ እመታለሁ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ጆሮዬን መሬት ላይ አደርጋለሁ። ጀማል ዳር ተቀምጦ ያየኛል። ይሄዳል፤ አይሮጥም። ካስማ የሚመታ ሰው የሰማውን ለአለቃው ይናገር፤ ሥራው መስመር ማስመር ብቻ አይደለም።