ጅዳን በስኬቲንግ ያቋረጥኩባት ማታ

የወጣሁ ሌሊት ልጄን ነጃትን አልቀሰቀስኳትም። አራት ዓመቷ ነበር፤ ከእህቴ ከሩቂያ ጎን ተኝታለች። ዓይኗን ብትከፍት እንደማልሄድ ስለማውቅ ከበሩ ሆኜ አይቻት ወጣሁ። ሰፈሩ ግን ሁሉ ነቅቷል። እናቴ፣ አላህ ይጠብቅልኝ፣ እጇን ዘርግታ ዱዓ ታደርጋለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ነጠላዋን ተከናንባ መጣችና ለግሸን ማርያም ተስዬልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ፣ ስለቱን እኔ በእግሬ ወጥቼ አደርሳለሁ አለችኝ። እንግዲህ በሁለቱም በኩል ተይዣለሁ ብዬ ልቤ ትንሽ ረጋ። ከአርዲቦ ሐይቅ ዳር መንደራችን እስከ ሐይቅ ከተማ በባጃጅ፣ ከሐይቅ በሚኒባስ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። አውሮፕላኑ ውስጥ የወሎ ልጆች ገና አፋችንን ስንከፍት ተዋወቅን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሲነሳ እጄን ጨብጣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ትለኛለች፤ የእሷ መዳፍ ግን ከእኔ ብሶ በላብ ርሷል።

ይህን የምጽፈው ሐይቅ ላይ ፓስፖርት አውጥታችሁ ቀን ለምትቆጥሩት እህቶቼ፣ እዚህም ለደረሳችሁት ነው። ስለ ሥራው ብዛት አላወራም፤ እሱን የሄደች ሁሉ ትነግራችኋለች። ስለ ሙቀቱም ቢሆን፣ ከአውሮፕላኑ ስወርድ ደንግጬ ወደኋላ ማለቴንና የአምባሰል ጉም ያኔውኑ እንደናፈቀኝ ብቻ እወቁልኝ። ዓሣቸውም ባሕር ሙሉ ሆኖ የእኛን የሐይቅ ቆሮሶ አያክልም። ይህን ስል ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የማወራችሁ ስለ ፍርሃት ነው። እኔ አገሬ ሳለሁ ፈሪ አልነበርኩም። ጅብ በሚያልፍበት መንገድ አምሽቼ ውሃ የቀዳሁ ሰው ነኝ። እዚህ ግን ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ ብርጭቆ ሳጥብ እፈራለሁ፣ ስሜ ከሳሎን ሲጠራ ምን አጠፋሁ ብዬ ነው የምሄደው።

የገባሁበት ቤት ሦስት ሰው ነው ያለው። ባባ የምለው አሠሪዬ፣ አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት እናቱ፣ አሁን አሥራ አራት የሆናት ልጁ ሪማ። ባባ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሌለ ነገር አላወራም። አይማታም፣ አይሳደብም። ግን የገባሁ ዕለት ፓስፖርቴን ተቀብሎ፣ ኋላ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ በጨመረበት መሳቢያ ውስጥ ከቆለፈ በኋላ አንድ ነገር ነገረኝ። የሪማን እናት ፈቷታል፤ ስሟ በዚህ ቤት አይነሳም፣ ልጅቷም አታያትም። ከእኔ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ከእናትየዋ መልእክት ተቀብላ ለሪማ ስታቀብል ተያዘችና በዚያው ቀን ወጣች። ወዴት እንደተወሰደች የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

ሪማ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ ስኬቲንግ ትሄዳለች። ከሥሩ አራት ትንንሽ ጎማ የተደረደረበት ጫማ ነው፤ እንደ በረዶ ያንሸራትታል። ባባ ሲፈቅድላት ሰዓዳ አብራሽ ካልሆነች የለም አላት። ሰዓዳ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን እሷ በጎማ፣ እኔ በእግሬ ስሮጥ ሰው ሁሉ በስልኩ ይቀርጸኝ ነበር። ኋላ ባባ አዝኖልኝ ይሁን አፍሮብኝ እንጃ፣ ያገለገለ ጫማ በቁጥሬ ገዛልኝ። ጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶውን አቅፌ ነው የተማርኩት። ስንት ጊዜ በቂጤ እንደተቀመጥኩ አልነግራችሁም። ግን ለመድኩት፤ እንዲያውም ዱዓ ካደረገችልኝ እናቴ በቀር ለማንም የማልናገረው ነገር ልንገራችሁ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር።

ሦስተኛ ዓመቴ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው ባባ አገርሽ ሄደሽ ሁለት ወር ዐርፈሽ ነይ አለኝ። የመውጫ ወረቀቱ ላይ መፈረም ያለበት እሱ ነው፤ እሱ ካልፈረመ ንቅንቅ የለም። እንደሚፈርም ቃል ሰጠኝ። ሩቂያ ለነጃት ነገረቻት፣ ነጃት ደግሞ ለመንደሩ ሁሉ። ያን ወር ጥፋት እንዳይገኝብኝ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምውለው። ነጃት ሰባት ዓመቷ ነው፤ መልኬን የምታውቀው በስልክ መስታወት ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሾፌሩ ሰሊም እንደ ወትሮው ኮርኒሹ ላይ አወረደን። አራት ሰዓት ላይ እዚያው ልንመለስ ነው። ሰሊም ወንበሩን አጋድሞ ተኛ። እኛም ሄድን፣ ሄድን፤ ሁልጊዜ የምንዞርበት አደባባይ ስንደርስ ሪማ አልዞረችም። ቀጥ ብላ በድልድዩ ሥር ወደ ከተማው ገባች። «ያላ ሰዓዳ!» ብላኝ ነው የሄደችው። ጠራኋት፤ አልሰማችም። ሾፌሩን ልጥራ ብዬ ዞር አልኩ። ግን እስክመለስ ልጅቷ ብቻዋን መኪና መሃል ናት። አንድ ነገር ብትሆንስ? ነጃትንም አገሬንም አላይም። ያረቢ አልኩና ተከተልኳት።

ወገኖቼ፣ ኮርኒሽ ሌላ ነው፣ መሃል ከተማ ሌላ ነው። መኪናው ይጋፋል፣ ጥሩምባው ያደነቁራል፣ ሱቁ ሁሉ መብራት በመብራት ሆኖ ዓይን ያጭበረብራል። አስፋልቱ ላይ ፍርግርግ የውሃ ቱቦ ክዳን አለ፤ ጎማው እዚያ ውስጥ ከገባ በአፍጢም መደፋት ነው። ፍሬኑ በቀኝ እግር ተረከዝ ነው፤ በዚያ ግፊያ መሃል እንዴት ልጫነው? የሪማን ቀይ ቆብ ብቻ እያየሁ ነው የምሄደው። ቆቡ ሲሰወርብኝ ልቤ ቀጥ ይላል፣ ሲታየኝ መልሶ ይመታል። ከቁርኣን አያተል ኩርሲን መቅራት ጀምሬ የት እንዳቆምኩ ጠፍቶብኝ እንደገና ጀመርኩ።

መብራት ላይ ሪማ አምልጣ ተሻገረች፤ እኔን ቀይ ያዘኝ። አጠገቤ የፖሊስ መኪና መጥቶ ቆመ፣ መስኮቱም ወረደ።

«ኢቃማ» አለኝ ፖሊሱ።

«አሠሪዬ ጋ ነው» አልኩት።

«አሠሪሽ የት ነው?»

«ቤት።»

«አንቺስ?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኩት።

ከአንገቴ እስከ ጎማዬ አየኝና «ይሄ ነው ሥራሽ?» አለ።

«አዎ። ልጅ እጠብቃለሁ።»

ወደ ማዶ ተመለከተ፤ ቀዩ ቆብ እየራቀ ነው። «ልጅቷ እኮ ሄደች» አለኝ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነና እየሳቀ ነዳው። እሱ ሳቀ፤ እኔ በቀዩ ቆብ አቅጣጫ ተሻገርኩ።

የደረስኩባት አሮጌው ከተማ አፍ ላይ ነው፤ እዚያ መንገዱ ድንጋይ ስለሆነ ጎማ አይሄድም። ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ሳገኛት አንድ ጥፊ አቀምሳታለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ቀና ስትል ግን ፊቷ በእንባ ርሷል። እናቷ እዚያ ሰፈር ትኖራለች። አድራሻውን ከክፍል ጓደኛዋ በኩል ካገኘች ሦስት ወር ሆኗታል፤ ሦስት ወር ሙሉ መንገዱን በስልኳ ስታጠና ነው የቆየችው። «ሦስት ዓመት አላየኋትም» አለችኝ።

እኔ ልጄን ካየሁ ስንት ነው? ያው ሦስት። ልመልሳት እችል ነበር። እጇን ይዤ ታክሲ ውስጥ መክተት ነው። አእምሮዬ ወረቀቱ፣ ፊርማው፣ ነጃት ይለኛል፤ እግሬ ግን ጫማውን አውልቆ በካልሲ ድንጋዩ ላይ ቆሟል። አምስት ደቂቃ፣ ከበር ሆነሽ ሳሚያትና እንሄዳለን አልኳት። እሺ አለች።

ከሽቶ ሱቅ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው። እናትየዋ በሩን ከፍታ ልጇን ስታይ አልጮኸችም። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ሪማም ላይዋ ወደቀች። እኔ ግድግዳውን ይዤ አለቀስኩ፤ ማንም አላየኝም።

አምስት ደቂቃው አለቀ። እንሂድ ልል ስል ሴትዮዋ ሩዝና ዶሮ በትልቅ ትሪ ይዛ መጣችና እኔን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። ሦስት ዓመት ወጥ ቤት ቆሜ፣ የተረፈውን ነው የበላሁት። ይህች ሴት ከአንድ ትሪ እጇን ከእጄ ጋር ሰደደች። እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በእኛ አገር የሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምሱ መውጣት ቤቱን መናቅ ነው። አንድ ጉርሻ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ጨምሪ አለችኝ፤ ጨመርኩ። ከዚያ ስለ ነጃት ጠየቀችኝ፤ ማን ስለ ነጃት ጠይቆኝ ያውቃል? ፎቶዋን አሳየኋት። ሰዓቱን ሳይ አራት ተኩል አልፏል። ድምፁን ያጠፋሁት ስልኬ ላይ ባባ ዘጠኝ ጊዜ ደውሏል። የጎረስኩትን ሳላላምጥ የሪማን እጅ ይዤ ተነሳሁ።

በታክሲ ኮርኒሹ ስንደርስ ባባ ከሰሊም አጠገብ ቆሟል። ሪማን ከላይ እስከ ታች አያትና ወደ እኔ ዞረ። እንደ ልማዱ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው።

«እዚያች ሴት ቤት ነበራችሁ?»

ሪማ መሬት መሬት ታያለች።

«ወላሂ አልሄድንም በይኝ፤ ያልቃል» አለኝ።

እየውላችሁ፣ በሩን ከፍቶልኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ልጅቷ ከኋላዬ አባያዬን ይዛ ትጎትተኛለች። ግን በአላህ ስም በውሸት ልማል? እውነቱንስ ልናገር? ገና ከትሪዋ በልቼ አፌ እንኳ ሳይደርቅ ሴትዮዋን አሳልፌ ልስጣት? የእሱንም እንጀራ ሦስት ዓመት በልቻለሁ።

«ባባ» አልኩት፣ «ልጅህ ደህና ናት። ስለ እሷ ብትጠይቀኝ እመልሳለሁ። ሌላው ከእኔ አፍ አይወጣም።»

በማግስቱ ጠዋት ጠራኝ። መሳቢያውን ከፍቶ የመውጫ ወረቀቱን አወጣ። ሊፈርም ነው ብዬ፣ ሞኝነቴን እዩልኝ፣ እጁን ልስም ጎንበስ አልኩ። ሳይፈርም መልሶ ቆለፈው። ዕረፍት የለም አለኝ። እስከ መቼ አልኩት። እሱም እንጃ አለ። ስኬቲንጎቹን ሰሊም ወስዶ ጣላቸው። ሪማ ወጥ ቤት መጥታ ልንገረው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ልበለው ብላ አለቀሰች። ከተናገርሽ እናትሽን ነው የሚጎዳት ብዬ አፏን ያዝኩት። እዚህ ያለች የአገሬ የወረባቦ ልጅ ይህን ስትሰማ ወላሂ ብትይው ምን ነበረበት፣ አላህ መሓሪ ነው ብላ ሰደበችኝ። አንዳንድ ማታ እውነቷን ነው እላለሁ፤ ራሴን እረግማለሁ። ያቺ ሴት ልጇን አቅፋ መቀመጧ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እተዋለሁ። እስካሁንም በሩ ሲንኳኳ ዛሬ ሊያወጡኝ መጡ እላለሁ።

ለነጃት ለመንገር አራት ቀን ፈራሁ። በአምስተኛው ደወልኩ። አሁን አልመጣም አልኳት። ለምን አለችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አንዲት ልጅ እናቷ ናፍቃት ጎማ ያለው ጫማ አድርጋ ከተማውን አቋርጣ ሄደች፣ እኔም እንዳትጠፋ ተከተልኳት፣ አባትየው ተቆጣ አልኳት።

«አገኘቻት?» አለችኝ።

«አገኘቻት።»

«ያንን ጫማ ብትልኪልኝ ከዚህ እዚያ በስንት ቀን እደርሳለሁ?»

«መንገዱ አያደርስም የኔ እናት። መሃል ላይ ባሕር አለ።»

«ከአርዲቦ ይሰፋል?»

«ይሰፋል» አልኳት።

ከዚያ ስልኩን ለሩቂያ ስትሰጣት «ባሕር አለ ትላለች» ስትል ሰማኋት።